የስልሳ ዲግሪ ዘመን

በ149 ዶላር የተገዛ ፕሮሰሰር የ669 ዶላሩን ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ዓመቱ 1998 ነው፤ እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ። ኢንቴል በዚያ ዓመት ኦገስት 24 ቀን ሁለት ፕሮሰሰሮችን ለገበያ አወጣ። አንዱ ባለ 450 ሜጋኸርዙ ፔንቲየም ቱ ነው፤ ዋጋው 669 ዶላር። ሌላው ኪሱ ለሳሳ ገዥ የተሠራው ሴለሮን 300ኤ ነው፤ ዋጋው 149 ዶላር፣ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ።

የሁለቱ ውስጥ ግን ዋጋቸው እንደሚራራቀው አይራራቅም ነበር። ሴለሮኑ ከማዘርቦርዱ የ66 ሜጋኸርዝ ምት ይቀበልና በ4.5 ያባዛዋል፤ 300 የሚሆነው በዚህ ነው። የ100 ሜጋኸርዝ ምት ሲሰጠው ያንኑ በ4.5 አባዝቶ 450 ላይ ይደርሳል። ካሽ ሜሞሪው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ቶሎ የሚደርስበት ቅርብ ማስታወሻ፣ 128 ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም ራሱ ሲሊከኑ ላይ ስለተቀመጠ በፕሮሰሰሩ ሙሉ ፍጥነት ይሠራል፤ የፔንቲየሙ 512 ኪሎባይት በግማሽ ፍጥነት ነበር የሚሄደው። ስለዚህ በብዙ ሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነት መፈለግ ድካም ነበር። አቢት የተባለው የታይዋን ኩባንያ ቢኤች6 በሚለው ማዘርቦርዱ ላይ ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ፣ ገብቶ መለወጥ እንዲቻል አደረገ። ማዘርቦርዱ ይህን የማይፈቅድለት ሰው ደግሞ ከፕሮሰሰሩ የመገናኛ ነጥቦች አንዷን፣ ቢ21 የምትባለዋን፣ በቀጭን ቴፕ ይሸፍናታል። ማዘርቦርዱ የ100 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር የተሰካበት ይመስለውና ምቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለነበርነው ሐበሾች ወሬው ቶሎ ደረሰን። ቀን ኮሌጅ የምንማር፣ ማታ ፓርኪንግ የምንሠራ ወጣቶች ነበርን፤ የ500 ዶላር ልዩነት ለእኛ የወር የቤት ኪራይ ድርሻ ነው። ቅዳሜና እሁድ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አዳራሾች የኮምፒውተር ገበያ ይቆም ነበር። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ማዘርቦርድ፣ ሜሞሪ፣ ፋን፣ ኬብል ይደረደራል፤ ሻጩም ገዥውም ልክ እንደ መርካቶ በዋጋ ይከራከራሉ። ከዚያ ገዝተን በተከራየነው ምድር ቤት ምንጣፍ ላይ እንገጣጥማለን።

ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ የሐበሻ ሰርግ በካሜራ ይቀርጹ ነበር። ካሴቱን ወደ ቪሲዲ ለመገልበጥ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል፤ ሙሽሮቹ ደግሞ አዲስ አበባ ላሉ ወላጆቻቸው ለመላክ ይቸኩላሉ። ሴለሮኑን ተክለን 450 ስናደርስላቸው የሥራው ጊዜ ሲሶው ቀነሰ። ጋሼ በደስታ መረቁን፤ ከምርቃቱ በኋላ ግን ክፍት የነበረውን ሣጥን ጎንበስ ብለው አዩና «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር እሳት አያስነሳም?» አሉን።

የዚያን ዘመን ዋናውን ጥያቄ ነበር የጠየቁት። አንድ ፕሮሰሰር ሳይጎዳ ስንት ዲግሪ ድረስ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ ከአሥር ዓመት በላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ከቶኪዮ አኪሃባራ ሱቆች እስከ ቨርጂኒያ ምድር ቤቶች፣ በራሳቸው ገንዘብ በተገዛ ዕቃ መልስ ሲፈልጉ ኖረዋል። ያ ፍለጋ ዛሬ የለም። የምናፍቀውም ከፍጥነቱ ይልቅ እሱን ነው።

መጀመሪያ መለኪያው ጣት ነበር። ሂትሲንኩን፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረውን ባለክንፍ አሉሚኒየም፣ ትነካዋለህ። ጣትህ ችሎ የሚቆይ ከሆነ ብረቱ ከ50 ዲግሪ ብዙ አላለፈም፤ ፈጥነህ የምታነሳ ከሆነ ፋኑን መቀየር አለብህ። ማዘርቦርዶቹ አነስተኛ ሰንሰር ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሰንሰሮች ከፕሮሰሰሩ በታች ወይም አጠገቡ ያለውን አየር ነበር የሚለኩት። ባዮሱ 45 ዲግሪ ሲል ሲሊከኑ 55 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር በሁለት ማዘርቦርዶች ላይ የተለያየ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ አንድ ሰው «የእኔ 48 ነው» ሲል ቀጣዩ ጥያቄ የተለመደ ነበር፤ በየትኛው ማዘርቦርድ? ክፍሉስ ስንት ዲግሪ ነው?

የክፍሉ ነገር ቀልድ አይደለም። ፋን አየር ይገፋል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ በፋን የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊወርድ አይችልም። የዋሽንግተን ሐምሌ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ኤሲ በሌለው ክፍል ውስጥ 33 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር፣ ጥር ላይ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ከነበረው ራሱ ጋር አይመሳሰልም። ጥር ላይ ሰላም የነበረ ማሽን ሐምሌ ሲገባ ሰማያዊ ስክሪን ማሳየት ይጀምራል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቁጥሩን ሲጽፉ ከክፍሉ ሙቀት በስንት እንደሚበልጥ አብረው ይጽፉ ነበር። ይህን ልማድ ያስተማራቸው መምህር አልነበረም፤ ሐምሌ ነው ያስተማራቸው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ደግሞ ሁለተኛው ትምህርት ነበር። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚጨምረው። ፍጥነቱን በግማሽ ብታሳድገው ሙቀቱ በግማሽ ያድጋል። ለዚያ ፍጥነት እንዲበቃ ቮልቴጁን ከ1.25 ወደ 1.40 ስታወጣው ግን ጠቅላላው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በአንድ ቁልፍ ምት ከባዮስ የሚጨመረው ያ ጥቂት ነጥብ ቮልት ነበር ብዙ ፕሮሰሰር የገደለው። ሙቀትና ቮልቴጅ ሲተባበሩ በሲሊከኑ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን የብረት መስመሮች አተሞቻቸው ቀስ በቀስ ይገፋሉ፤ በአንድ በኩል መስመሩ ይሳሳል፣ በሌላ በኩል ይከመራል። ጄምስ ብላክ የተባለ የሞቶሮላ ተመራማሪ ይህ ጉዳት በሙቀትና በኤሌክትሪኩ ጥግግት መጠን እንዴት እንደሚፈጥን በቀመር ያስቀመጠው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2002 እና በ2003 ኖርዝውድ የሚባለውን ፔንቲየም ፎር ከ1.7 ቮልት በላይ ያወጡ ብዙ ሰዎች፣ ሙቀታቸው ደህና ሆኖ እያለ ፕሮሰሰራቸው ድንገት ሞተባቸው። የሙቀቱ ቁጥር ብቻውን የሙሉ ጤንነት ምስክር እንደማይሆን ያን ጊዜ ነው ሁሉም የተማረው።

የኢንቴል ተፎካካሪ የኤኤምዲ አትሎን ዘመን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የእጅ ሙያ የሚጠይቅ ነበር። በ2000 የወጡት ተንደርበርድ አትሎኖችና ዱሮኖች በላይኛው ገጻቸው ላይ ኤል1 የሚባሉ ጥቃቅን ድልድዮች ነበሯቸው፤ ተቆርጠው የመጡትን በተራ እርሳስ አጥቁረህ ስታገናኛቸው የፕሮሰሰሩ ማባዣ ይከፈታል። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ በቢሊዮን ዶላር በሚገመት ፋብሪካ የተዘጋ በር ከፈተ፤ እስከዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። ግን ሲሊከኑ ያለ ብረት ክዳን ራቁቱን ነበር የተቀመጠው። ሂትሲንኩን የሚይዘው ጠንካራ ክሊፕ በካቻቢቴ እየተጫነ ሲታሰር እጅ ትንሽ ካዘነበለ የሲሊከኑ ጠርዝ ይሰበራል፤ የተሰበረ ጠርዝ መድኃኒት የለውም።

በ2001 ቶማስ ፓብስት የመሠረተው የቶምስ ሃርድዌር ድረ ገጽ ቡድን ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ ሂትሲንኩን ነቅሎ በቪዲዮ ቀረጸ። ፔንቲየም ፎሩ ፍጥነቱን ራሱ ቀንሶ ሥራውን ቀጠለ። ፔንቲየም ስሪው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግን ተረፈ። አትሎኑ በሰከንዶች ውስጥ ጭስ አወጣ፤ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ደረሰ፤ ሞተ። ጋሼ የፈሩትን ነገር በዓይናችን ያየነው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ሲያልፍ ኃይል የሚቆርጥ መከላከያ በአትሎን ማዘርቦርዶች ላይ እየተለመደ መጣ። በ2003 የመጣው ባርተን የሚባለው አትሎን ኤክስፒ 2500 ራሱ ሰንሰር የያዘ ነበር። አምራቹ ለሲሊከኑ የፈቀደው ጣሪያ 85 ዲግሪ ነው፤ እኛ ግን 55 ሲያልፍ እንጨነቅ ነበር። የማዘርቦርዱን ምት ከ166 ወደ 200 ስታወጣው ከ1.83 ወደ 2.2 ጊጋኸርዝ ይዘልና የውዱ 3200 ወንድም ይሆናል።

በዚያው ጊዜ ኢንቴል በሙቀት ታሰረ። በ2004 መጀመሪያ ያወጣው ፕሬስኮት ከ100 ዋት በላይ ይበላ ነበር፤ 4 ጊጋኸርዝ የሚደርሰውን ፔንቲየም ፎር እንደሚያወጣ ቃል ገብቶ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሰረዘው። ፍጥነትን ብቻ እያሳደዱ መሄድ እንደማይቻል ትልቁ ኩባንያም እኛም በአንድ ሰሞን ነው የተማርነው።

የኔ ዘመን ልብ ግን ኮር ቱ ኳድ ኪው 6600 ነው። በ2007 መጀመሪያ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ዋጋው 266 ዶላር ሆነ፤ አራት ኮር፣ 2.4 ጊጋኸርዝ። ምቱን ከ266 ወደ 333 ስታወጣው 3 ጊጋኸርዝ ይሆናል፤ ይህ ምንም ድካም አልነበረውም። 400 ላይ ስታደርሰው 3.6 ይሆናል፤ እዚህ ላይ ነው እውቀት የሚጠየቀው። ገዥዎች ሣጥኑ ላይ ያለውን ኮድ ያነቡ ነበር። ቢ3 የሚባለው የመጀመሪያው ትውልድ 105 ዋት የሚበላ ነው፤ ኢንቴል ለብረት ክዳኑ የፈቀደለት ሙቀት 62.2 ዲግሪ ነበር። በኋላ የመጣው ጂ0 በ95 ዋት ይሠራል፤ የተፈቀደለትም 71 ዲግሪ ነው። ጂ0 ያገኘ ሰው እንደ ሎተሪ ባለዕድል በደስታ ለጓደኛው ስልክ ይደውላል።

ያ 71 የሚለው ቁጥር ብዙ ክርክር አስነስቷል። የክዳኑ መሐል ሙቀት ነው፤ ኢንቴል የሚለካው ክዳኑ ላይ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ቀጭን የሙቀት ሽቦ አስገብቶ ነው። እኛ በስክሪን የምናየው ደግሞ በየኮሩ ውስጥ ካለ ሰንሰር የሚመጣ ነው፤ ከክዳኑ ይልቅ ሁልጊዜ የበለጠ ይሞቃል። ያ ሰንሰርም ዲግሪ አይናገርም። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነት መቀነስ የሚጀምርበት ጣሪያ ላይ ለመድረስ ስንት ዲግሪ እንደቀረው ብቻ ነው የሚናገረው። ጣሪያው ስንት እንደሆነ በትክክል ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ አንዱ ፕሮግራም 85፣ ሌላው 95፣ ሌላው 100 እያለ ሲያሰላ ኖረ። ኮር ቴምፕ አንድ ቁጥር ያሳያል፣ ሪል ቴምፕ ሌላ። ቁጥሮቹ የማይስማሙ በመሆናቸው ነበር ስልሳ ዲግሪ የሚለው ልማድ የተተከለው። ማሽኑ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ከ60 እስከ 65 ካላለፈ፣ ጣሪያው የትኛውም ቢሆን ሰላም ነው ተባለ። 70 ላይ ያለ ሰው ቮልቴጁን ይቀንስ። 80 ላይ ያለ ሰው ያጥፋው። ይህ ሕግ በማንም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ግን ባለሙያ መሐንዲሶች ከሚሰጡት ምክር ብዙም አይርቅም፤ አስር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የኢንዱስትሪው የቆየ ግምትም ይደግፈው ነበር።

ሙሉ ጭነት ስል ፕራይም95 የተባለውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። ጆርጅ ዎልትማን በ1990ዎቹ የሠራው ግዙፍ ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥሮችን ለማግኘት ነው፤ ስሌቱ ፕሮሰሰርን እስከ መጨረሻው ስለሚያስጨንቅና አንዲት ስህተት ስለማያልፍ ግን የእኛ ፈተና ሆነ። ማታ ታስጀምረዋለህ፤ ጠዋት ስትነሳ አራቱም ኮሮች ሳይሳሳቱ ካደሩ ማሽንህ አልፏል። ቁጥሮቹን እያየ ያመሸ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ኪው 6600 ውስጥ ያሉት አራት ኮሮች ሁለት ሁለት ሆነው በሁለት ሲሊከኖች ላይ ስለተሠሩ፣ አንደኛው ጥንድ ከሌላኛው በጥቂት ዲግሪ ይሞቃል። ምክንያቱን የፈለገ ሰው የክዳኑ ብረት ፍጹም ጠፍጣፋ አለመሆኑን ያገኛል። መላው ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ነበር። መስታወት ላይ ወረቀቱን ዘርግተህ ክዳኑን ከሻካራው ጀምረህ እስከ ለስላሳው፣ ኒኬሉ ተገፎ መዳቡ እስኪታይና ፊትህን እስኪያሳይህ ድረስ ታሸዋለህ። ዋስትናው በዚያው ያበቃል። ጥቂት ዲግሪ ታተርፋለህ፤ በዚያ ላይ ብረት ማለት ምን እንደሆነ እጅህ ያውቃል።

ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ በሻንጣ ተጭነው አገር ቤት ገብተዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከዋሽንግተኑ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ዓይነት ፋን፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየዞረ፣ እዚያ የሚያመላልሰው አየር ያነሰ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ከክፍሉ ሙቀት የሚበልጥበት ልክ ይጨምራል። የአዲስ አበባ ክፍል ግን ከዋሽንግተን ሐምሌ በአሥር ዲግሪና ከዚያም በላይ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከፍታው የወሰደውን ብርዱ መለሰው። ፕሮሰሰሮቹን የጎዳቸው ሌላ ነገር ነው፤ አቧራ። በሂትሲንኩ ክንፎች መሐል እንደ ድሪቶ የተጋገረ አቧራ 60 ዲግሪውን 80 ያደርገዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊትም ማዘርቦርዱን ያደክመዋል። አገር ቤት ያሉ የኮምፒውተር ጠጋኞች ወደነሱ የመጣ ማሽን ገና ሳይከፈት በብሎወር የሚነፉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እውነተኛ ሙያ ነው።

ዘመኑ ያበቃው በ2011 ጃንዋሪ ነው። ኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ በሚለው ትውልድ የማዘርቦርዱን ምት ከሌሎች መስመሮች ሁሉ ጋር አሰረው፤ ከጥቂት በመቶ በላይ ብታነሳው ሁሉም ነገር ይናጋል። መፍጠን የሚፈልግ ሰው ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ያለበትን ውዱን ፕሮሰሰር ይግዛ ተባለ። 2500ኬ ድንቅ ፕሮሰሰር ነበር፤ አልክድም። ግን ርካሹን ገዝቶ የውዱን ያህል ማሠራት የሚባለው ነገር በዚያ ተዘጋ። ለእኔ ይህ የቴክኒክ ለውጥ ብቻ አይደለም። ከፋብሪካ የወጣው ርካሽ ዕቃ ውስጥ ያልተሸጠ አቅም እንዳለ አውቆ፣ በትዕግሥት ያንን አቅም የሚያወጣ ደሃ ተማሪ የነበረውን ድርሻ ነው የወሰዱበት።

ዛሬ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሙቀቱን፣ ኃይሉንና ቮልቴጁን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካ የሚችለውን ያህል ይፈጥናል። በ2022 የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ሙሉ ጭነት ላይ 95 ዲግሪ ደርሰው እዚያው እንዲቆዩ ታስበው ነው የተሠሩት። እኛ በድንጋጤ ሶኬት የምንነቅልበት ቁጥር ዛሬ የተለመደ የሥራ ሙቀት ሆኗል። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ሲሊከኑም ሰንሰሮቹም ተለውጠዋል። ሆኖም በ2024 ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ ሲልክና ዋስትናውን በሁለት ዓመት ሲያራዝም፣ የኖርዝውድን ዘመን ያየን ሰዎች ነገሩ አላስገረመንም። ባለቤቱ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ያን ቮልቴጅ ማየት ልማዱ ቢሆን ኖሮ ብዙው ቀድሞ ይታወቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ቤታችሁ ጥግ ላይ ከዚያ ዘመን የቀረ ማሽን ካለ አትጣሉት። የሣጥኑን ክዳን ክፈቱ፤ አቧራውን አራግፉ፤ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሐል የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ የስንዴ ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ አድርጉበት። ኪው 6600 ከሆነ 3 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ 1.4 ቮልት ገደማ ላይ ቁሙ። ፕራይም95ን አሠርታችሁ ከ65 ዲግሪ በታች መሆኑን እዩ። ልጅ ካላችሁ አጠገባችሁ ቁጭ ይበልና ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ፕሮሰሰሩ በስንት እንደሚበልጥ፣ ቮልቴጁ ሲነካ ቁጥሩ ለምን እንደሚዘል ራሱ ወረቀት ላይ ይጻፈው።